ጥሩ ባክቴሪያ ይዘው የመጡት ሐኪም

እስቲ ወንበር ያላገኛችሁ ግድግዳውን ደገፍ በሉ፤ ብዙ አላቆያችሁም። እንዲህ ብሎ ጀምሮ ሰው ያላሰለቸ ተናጋሪ እንደሌለ አውቃለሁ። እኔ ግን የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ፤ ሌላው ቢቀር መጠን አውቃለሁ።

ዶክተር፣ እርስዎም እባክዎ ሰዓትዎን አይመልከቱ። ዛሬ ኮሪደር ላይ ተራ የሚጠብቅዎ ሰው የለም።

ዛሬ የምንሸኛቸው እኚህ ሴት ወደዚህ ሆስፒታል ግቢ የገቡበትን ቀን ከሁላችን በላይ የሚያስታውሰው የበሩ ጥበቃችን ነው። ያው እዚያ በሩ ጋ ቆሞ ከወዲሁ ይስቃል። ያኔ ፂሙ ጥቁር ነበር። ዶክተር ከታክሲ ወረዱ። ሻንጣቸውን መሬት ላይ ጥለው አንዲት ሰማያዊ የበረዶ ሳጥን ግን እንደ ሕፃን አቅፈዋታል። ጥበቃችን ሥራውን አክባሪ ነውና መንገድ ዘጋ።

"ምሳ ከውጭ ማስገባት ክልክል ነው፣ እመቤቴ።"

"ምሳ አይደለም።"

"ታዲያ ምንድነው?"

"ባክቴሪያ።"

ተፈናጥሮ የበሩን ብረት ያዘ። "እንዴ! ሰው ከባክቴሪያ ልገላገል ብሎ ነው እዚህ የሚመጣው፤ እርስዎ ጭራሽ ይዘው ይገባሉ?"

"እነዚህ ጥሩዎቹ ናቸው።"

"ባክቴሪያ ደግሞ ጥሩ አለው?"

"ጥበቃ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው?" ብለው ጠየቁት።

አሰበበት። "አይ፣ እኔና የማታው እንኳ በጣም እንለያያለን" አለ።

"እንግዲያው ገብቶሃል" ብለውት አልፈው ገቡ። ሻንጣቸውን ተሸክሞ የተከተላቸው እሱው ነው።

በዚያው ሰሞን የላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ስለነበር ባክቴሪያው ያለበትን አንድ የእርጎ ማሰሮ ሠራተኞች ክፍል ያለው ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጡት። ላዩ ላይ "አይነካም" የሚል ወረቀት ለጠፉበት። ሒሳብ ክፍል ያለው ወንድማችን፣ ራስህን አታቀርቅር፣ ሁሉም ያውቃል፣ በማንኪያ ጠርጎ በላው። ሲያዝም "ወረቀቱ አይነካም ይላል እንጂ አይበላም አይልም" ብሎ ተከራከረ። እኛ አሁን ያብዱበታል ብለን ስንጠብቅ ዶክተር ዓይናቸው በራ። "ሙሉውን ነው የበላኸው? በባዶ ሆድ ነው?" አሉት። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ኮሪደር ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ "ዛሬስ ሆድህ እንዴት አደረ?" እያሉ ሲጠይቁት ሰውየው በኋላ በር መግባት ጀመረ። "ዶክተር እርጎ" የሚለው ስም የወጣው ያኔ ነው። ማን እንዳወጣው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ የሒሳብ ክፍል ሰው እንደሆነ ግን እንጠረጥራለን።

ደግሞ "እናያለን" የምትለዋን ቃላቸውን የማያውቅ አለ? ዝናብ ይዘንባል ወይ ብትላቸው "እናያለን"። ስብሰባው ቶሎ ያልቃል ወይ ብትላቸው "እናያለን"። ቁስል የምትጠርገው ነርሳችን የሠርግ ጥሪ ስትሰጣቸው፣ "ዶክተር፣ ይሄ ሰው ይሆነኛል ይላሉ?" ብላ ቀበጠች፤ ካርዱን ገልበጥ አድርገው አዩና "እናያለን" አሏት። ይኸው ባለቤቷ ዛሬ ልጆች ይዞ ቤት ነው፤ ታይቷል ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ የስኳር ሕመምተኛ እግሩን በፌስታል ጠቅልሎ መጣ። ስንፈታው ቁስሉ ሮዝ ሆኗል፤ ጉንዳን ይሄድበታል። ዶክተር እርጎ ቁስል ያድናሉ ሲባል ሰምቶ ከሱቅ እንጆሪ ያለበት እርጎ ገዝቶ ለቅልቆበት ነው። እንደዚያ ቀን ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። "ይሄ ለሆድህ ነው! እኔ የማደርገው ተመርጦ፣ ተጣርቶ፣ በላቦራቶሪ ተመርምሮ ነው። እሱንም ገና አላወቅነውም፤ እየሞከርን ነው፤ ገባህ?" አሉት። ሰውየው ደንግጦ፣ "የእንጆሪው ጥፋት ነው ወይስ የእርጎው?" አላቸው። እየተቆጡ ሳቁ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በገዛ እጃቸው እስኪጠራ ድረስ አጠቡት።

እዚህ ክፍል ውስጥ የሒሳብና የጽዳት ሰዎችም፣ የሰው ዘመዶችም ስላላችሁ ነገሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ቁስል ላይ መጥፎ ባክቴሪያ ይሰፍራል። መድኃኒት እንሰጣለን። አንዳንዱ መድኃኒቱን ይለምደውና አልነቃነቅ ይላል። ቁስሉ ይሰፋል፤ መጨረሻው መቁረጥ ይሆናል። ዶክተር የመጡት እዚህ ላይ ጥያቄ ይዘው ነው። ሰውን የማይጎዱ፣ እንዲያውም የሚጠቅሙ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ፕሮባዮቲክ ይሏቸዋል። እነሱን ቁስሉ ላይ ብናሰፍርስ? ቦታውን ይሻሙ ይሆን? ምግቡን ይከለክሏቸው ይሆን? የሚያወጡት አሲድ ያስወጣቸው ይሆን? ጥያቄያቸው ይኸው ነበር። መልስ አለኝ ብለው አንድ ቀን አልተናገሩም።

ለማወቅ መሞከር ነበረባቸው። ሙከራው ደግሞ እንዲህ ነው፦ ሁሉም ታካሚ የተለመደውን መድኃኒትና እጥበት ያገኛል። በዚያ ላይ ለሁሉም ቅባት ይጨመራል። የግማሾቹ ቅባት ባክቴሪያ አለበት፤ የግማሾቹ ባዶ ነው። ቀለሙ አንድ፣ ሽታው አንድ። ለማን የትኛው እንደሚደርስ ዕጣ ይወስናል። ታካሚውም አያውቅም፣ ሐኪሙም አያውቅም። ቅባቱን የሚያዘጋጀው ሰው ብቻ ያውቃል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለመናገር ዶክተርንም፣ አጠገባቸው የተቀመጡትን ወንድማቸውንም ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ዶክተር "ተወው" አሉኝ። ወንድማቸው "ንገራቸው እንጂ" አሉ። ታላቅ እሳቸው ስለሆኑ የሳቸውን ሰማሁ።

ጋሼን የማታውቋቸው ካላችሁ፣ ዕድሜ ልካቸውን የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ስኳሩም አብሯቸው ኖረ። አንድ ቀን አውራ ጣታቸው ሥር ጫማ ፋቃቸው፤ ናቁት፤ ነዱበት። እኛ ጋ ሲመጡ ቁስሉ እስከ አጥንቱ ዘልቆ ነበር፤ መድኃኒቱም አልበግረው ብሎ ነበር። ዶክተር አዩዋቸውና ወዲያው፣ "እኔ አላክመውም፤ ወንድሜ ነው" ብለው ለባልደረባቸው ለረጅሙ ቀዶ ጥገና ሐኪም አስረከቧቸው። ረጅሙ ሐኪም ሙከራው ውስጥ መግባትም አለመግባትም እንደሚችሉ ነገራቸው፤ ስለ ዕጣውም አስረዳቸው።

ጋሼ ምን አሉ መሰላችሁ? "እህቴ ስንት ዓመት ያንን ሳጥን አቅፋ ስትዞር እኔ ፈርቼ ልቀመጥ? ግባ በሉኝ" አሉ።

ገቡ። ዕጣው ወጣ። ቁጥሩ እኔ ጋ፣ መድኃኒት ክፍሉ መስኮት ጋ ደረሰ። ባዶው ነበር።

ዶክተር ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ወንድማቸው ቁስላቸው ሲጠረግ ወደ ክፍሉ አይገቡም ነበር። ኮሪደሩ ላይ ግን ሥራ ይፈጥራሉ። የተነበበ ካርድ እንደገና ያነባሉ፤ የተቆለፈ ቁም ሣጥን ተቆልፎ እንደሆነ ያያሉ። ጋሼ ከውስጥ ሆነው ይጮሃሉ፦

"አንቺ! በበሩ ሥር ጫማሽ ይታየኛል! እግሬ ይተርፋል ወይ?"

"እናያለን፣ ወንድም ጋሼ።"

ድምፃቸው እንደ ሌላው ቀን አልነበረም።

ቁስሉ እየባሰ በሄደበት ሰሞን እናታቸው መስኮቴ ጋ መጡ። ነፍሳቸውን ይማርና ቁመታቸው አጭር ስለነበር እኔ ያየሁት ነጠላቸውንና የመስኮቱን ጠርዝ የያዙትን ጣቶቻቸውን ነበር። ወጥቼ ወንበር ሰጠኋቸው፤ ውሃ አመጣሁላቸው።

"ቅባቱን የምትሰፍረው አንተ ነህ አሉኝ፣ ልጄ።"

"አዎ፣ እናቴ።"

"ለኔ ልጅ የትኛው ነው የደረሰው?"

"ይሄንን ልነግርዎ አልችልም።"

"እሺ፣ አትንገረኝ" አሉ። ውሃውን ሳይቀምሱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "አትንገረኝ፤ ብቻ ከጥሩው ስጠው።"

ምን ይባላል? ጥሩ መሆኑን እኛም አናውቀውም፣ ለማወቅ ነው የምንሞክረው፣ ልላቸው ጀመርኩ። እውነት ነው፤ ግን እግሩ ሊቆረጥ ላለ ልጅ እናት ይሄ ምኗ ነው? በመሃሉ ዶክተር ደረሱ።

"እማዬ፣ ተነሺ እንሂድ።"

"ወንድምሽ ነው እኮ!"

"አውቃለሁ፣ እማዬ።"

"ልጅሽ ቢሆንስ? የወለድሽው ቢሆን እንዲህ ቆመሽ ታያለሽ?"

ዶክተር፣ "ውስጥ የተኙት ሁሉ እናት አላቸው፣ እማዬ። ላንዷ ቀይሬ ለሌላዋ ምን እላታለሁ?" አሉ።

እናትየው ብድግ አሉ። "እኔ የሌላዋ እናት አይደለሁም። ያንቺ እናት ነኝ" ብለው ብቻቸውን ወጡ። ዶክተር እስከ በሩ ተከተሏቸው። ታክሲ ሲያስቆሙላቸው እናትየው ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲያዩ ከመስኮቴ ሆኜ አየሁ።

ወደ ማምሻው ዶክተር ተመልሰው መጡ። መስኮቱ ላይ ተደገፉ።

"አንተ ታውቃለህ፣ አይደል?"

"አውቃለሁ፣ ዶክተር።"

የመደርደሪያዎቹን መድኃኒቶች እንደ አዲስ አንድ በአንድ አዩ።

"እንዳትነግረኝ" አሉኝና ሄዱ።

ረጅሙ ሐኪም የቻለውን ሁሉ አደረገ። መድኃኒቱን ቀየረ፣ ደጋግሞ ጠረገ። እግሩ ግን ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ጋሼ ከሰመመን ሲነቁ መጀመሪያ የተናገሩት፣ "ፍሬኑ በየትኛው እግር ነበር?" የሚል ነው። ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሁሉ ሳቀ። እህታቸው ግን ያን ጊዜ ወደ ክፍሉ ገብተው ነበርና አልሳቁም። አልጋው ጫፍ ተቀምጠው ብርድ ልብሱ ባዶ የሆነበትን ቦታ በእጃቸው ያስተካክሉ ነበር።

እናታቸው ቀሪ ጊዜያቸውን ከዶክተር ጋር በቁም ነገር ሳይነጋገሩ ጨረሱ። ምግብ ብዪ፣ ሰላም ዋልሽ፣ ደህና እደሪ፤ ከዚያ አያልፍም። ታመው ሲተኙ ያስታመሟቸው ዶክተር ናቸው። ይሄ ነገር ግን አልተነሣም። ሙከራው ሳያልቅም አረፉ።

ሲያልቅ ተሰበሰብን፤ የተደበቀው ተገለጠ። ባክቴሪያ ያለበትን የተቀቡት ሰዎች ቁስል በመጠኑ ቶሎ ጠርቶ ነበር። በመጠኑ። ግን ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ ይሁን በቅባቱ ማለት አልተቻለም። እግር ያተርፋል ብሎ መናገር ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። የጋሼም ቁጥር ተነበበ። ዶክተር "እሺ" አሉና፣ "ቀጣዩን አንብቡ" አሉ።

ከስብሰባው ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆም ብለው፣ "እማዬ ይሄን ሳትሰማ መሄዷ ይሻላል" አሉኝ። ትንሽ ወረድ ብለው ደግሞ፣ "ይሻላል ማለቴ ያሳፍረኛል" አሉ።

በማግሥቱ ወንድማቸው ቤት ሄደው ነገሯቸው። ማንም አላስገደዳቸውም። ጋሼ ያሉትን ከራሳቸው ነው የሰማሁት።

"ባዶው ነው የደረሰህ፣ ወንድም ጋሼ።"

"ያኔ አውቀሽ ቢሆን ትቀይሪልኝ ነበር?"

ሌላ ሰው ቢሆን ይዋሽ ነበር። እኔ ብሆን እዋሽ ነበር።

"አልቀይርም ነበር" አሉ ዶክተር።

እኚያ በሳቅ የሚታወቁ ሰው፣ "በይ ሻይሽን ጠጥተሽ ሂጂ" አሏቸው። ከዚያ በኋላ ስልክ አላነሡም። በበዓልም አልመጡም። ዶክተር ግን ሰኞ ሰኞ ይደውሉ ነበር፤ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ሲዘጋ ነጭ ጋዎናቸውን ለብሰው ወደ ሥራ ይገቡ ነበር።

ክረምቱ አልፎ፣ እንደገና ክረምት መጥቶ፣ አንድ ጠዋት ጋሼን ኮሪደር ላይ ከታካሚዎቹ ጋር ወረፋ ይዘው አገኘኋቸው። ሰው ሠራሽ እግሩ የተቆረጠውን ጫፍ ፍቆት ቆስሏል።

"ጋሼ፣ ምነው ሳይነግሩን? ረጅሙን ሐኪም ልጥራልዎ?"

"የምን ረጅም? እህቴን ጥራልኝ።"

ዶክተር መጡ። ሁለቱም ሰላም አልተባባሉም። ዶክተር ሳፋ አስመጡ፤ ጓንት አጠለቁ፤ ከወንድማቸው ፊት ዝቅ ብለው ተቀመጡ። ፋሻውን ቀስ ብለው ፈቱ። ጋሼ ከላይ ቁልቁል እያዩዋቸው፣

"ይቺን እንኳ ዕጣ ሳታወጪ እጠቢልኝ" አሉ።

ዶክተር ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጡ። ጋሼ እጃቸውን ሰደው የእህታቸውን ፀጉር ከግንባራቸው ላይ ገለል አደረጉላቸው፤ የዶክተር እጅ በጓንት ስለነበር ራሳቸው ሊያደርጉት አይችሉም ነበር። እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ።

ታርቀዋል። ያለፈው ግን አልተመለሰም፤ እግሩም፣ እናታቸውም፣ ያ ሁሉ ሰኞም።

ዶክተር፣ አሁን ወደ እርስዎ ልዙር።

ከዚያ በኋላ ሰፋ ያለ ሙከራ እንዲደረግ ጠየቁ። የሰው ኃይል የለም ተባለ። እንደገና ጠየቁ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ተባለ። የሚቀጥለው ዓመት ሲባል ሲባል ይኸው ጡረታዎ ደረሰ። ባለፈው ሳምንት ዕቃዎን ሲሰበስቡ፣ "አሳዘነዎት?" ብዬ ብጠይቅዎ፣ "ትክክል ነኝ እንዲባል አልፈለግሁም። ተሳስተሻል ቢሉኝ እንኳ፣ ሳውቀው ደስ ብሎኝ እወጣ ነበር" አሉኝ። ቤቴ ሄጄ ለባለቤቴ ስነግራት ምግቡ ቀዘቀዘ።

ሰው ሲሸኝ ሥራውን በድል ፈጸመ ማለት የተለመደ ነው። እርስዎ ውሸት ስለማይወዱ እኔም አልልም። የመጡበትን ጥያቄ መልስ ሳያገኙለት ነው የሚሄዱት። ይቆጨናል። እኔን በጣም ይቆጨኛል። ወንድምዎንም፣ ዕድሜዎንም፣ እናትዎንም ያስከፈለዎ ጥያቄ ነበርና ቢያንስ መልሱ ይገባዎ ነበር።

ግን ምስጋና አለብኝ። ያን ማምሻ መስኮቴ ጋ ቆመው ቢጠይቁኝ ኖሮ የምነግርዎ ይመስለኛል። ያንን ስላወቁ ነው ያልጠየቁኝ። እኔ ብቻዬን የያዝኩት ነገር ከባድ መሆኑን ከማንም በላይ እርስዎ ያውቁ ነበር። ሁሉ ነገር ከተገለጠ በኋላም፣ "እያወቅህ እንዴት ዝም አልከኝ?" ብለው በዓይንዎ እንኳ አልወቀሱኝም። ስብሰባው ባለቀ ማግሥት ጠዋት እንደ ወትሮው መጥተው፣ "እንዴት አደርክ?" አሉኝ። ዶክተር፣ እኔ ሌሊቱን ያንን ቃል አገኘው ይሆን እያልኩ ነበር ያደርኩት። እግዜር ይስጥልኝ።

ቁስል ሳይጠየፉ ማጠብን፣ "ይቆረጥ" ከማለት በፊት አንድ ጊዜ ማሰብን፣ የማናውቀውን "አላውቅም" ማለትን ከእርስዎ የተማርን ብዙዎች ነን። አሁን ቁስል ክፍሉን የተረከበችው ወጣቷ ሐኪም ትናንት ወደ እኔ መጥታ፣ "የዶክተርን ሙከራ ብቀጥል ቅባቱን ታዘጋጅልኛለህ?" ብላኛለች። ይፈቀድላት አይፈቀድላት አላውቅም። እኔ ግን እሺ ብያታለሁ። ይሄን እስከ አሁን አልነገርኩዎትም ነበር።

በሉ እንግዲህ፣ ሁላችሁም ብርጭቋችሁን ያዙ። ያልተቀዳለት ካለ ይቀዳለት። ሒሳብ ክፍል፣ አንተ ከመጠጣትህ በፊት የያዝከውን እይ።

ዶክተር፣ ረጅም ዕድሜ እመኝልዎታለሁ፤ ዕድሜውም ከእንቅልፍ ጋር ይሁን። ስልክ ሳይቀሰቅስዎ የሚነጋ ጠዋት ይስጥዎት። ደጅዎ ላይ ተቀምጠው ምንም ሳያስቡ ፀሐይ የሚሞቁበት ጊዜ ይስጥዎት። ከወንድምዎ ጋር ያለፈውን ዘመን የሚያካክስ ብዙ ወሬ ይስጥዎት። እኛንም እየመጡ ይቆጡን።

እንነሣ።

ጋሼ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ ግድ የለም፣ እኛ እንቆማለን። አይ፣ ኧረ ይቀመጡ… እንቢ አሉ። እሺ። ቆይ፣ ማንም እንዳይጠጣ፤ እንጠብቃቸው። ቀስ ይበሉ። አዎ፣ የዶክተርን ትከሻ ይያዙ።

ቆሙ። ለእህትዎ!